ቤቱ ካልመሸ ልጅ አይተኛም

ደሴ ላይ ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲል ብርዱ ሰውን ወደ ቤት ይሰበስባል። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ነፋስ በር ያዘጋል። ውጭ መሽቷል። እኛ ቤት ግን አይመሽም ነበር። አምፖሉ ቦግ ብሏል፣ ቴሌቪዥኑ ይጮኻል፣ ቡናው ይንተከተካል፣ ስልክ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። የ4 ዓመቱ ልጄ በዚህ ሁሉ መሃል ሶፋ ላይ ይዘላል። 3 ሰዓት ይሆናል። 4 ሰዓት ይሆናል። ዓይኑ በርበሬ መስሏል፣ ግን "አልተኛም" ነው። 4 ሰዓት ተኩል ላይ እሱ እያለቀሰ፣ እኛ እየተቆጣን፣ እንደምንም እንቅልፍ ይወስደዋል። ጠዋት ለኬጂ ስቀሰቅሰው ደግሞ ሌላ ለቅሶ።

"ይሄ ልጅ እንቅልፍ የለውም" እንል ነበር። ለጎረቤትም ለዘመድም የምናወራው ይህንኑ ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ገና 12 ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ጠፋ። ሻማ ለኮስን። ቴሌቪዥን የለ፣ የስልኮቹም ባትሪ አልቋል። እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ በለሆሳስ መንዙማ ታንጎራጉራለች። ልጁ መጣና ጭኗ ላይ ጋደም አለ። 1 ሰዓት ከ40 ላይ ድብን ብሎ ተኝቷል። ማንም አልተቆጣውም፣ ማንም "ተኛ" አላለውም። ያን ቀን ነገሩ ገባኝ። ልጁ እንቅልፍ ነበረው። ያጣው ምሽቱን ነው።

ከዚያ ወዲህ ከሐኪም የጠየቅሁትን፣ ያነበብኩትንና እኛ ቤት የሠራውን ነው የምጽፍላችሁ። ሁሉንም በአንድ ቀን አትጀምሩ። አንዱ ሲለመድ ወደ ሌላው እለፉ።

መጀመሪያ ቁጠሩ

ልጄ በቂ ይተኛል ወይ ለሚለው ግምት አይበቃም። አንድ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ለ5 ቀን ያህል እንቅልፍ የወሰደውንና የነቃበትን ሰዓት ጻፉ። የቀኑንም ጨምሩ። አልጋ ላይ የወጣበትን ሰዓት አትጻፉ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከ5 ዓመት በታች ላሉ ልጆች መመሪያ አውጥቷል። በ24 ሰዓት ውስጥ፣ የቀኑ እንቅልፍ ተጨምሮ፣ እስከ 3 ወር ያለ ሕፃን ከ14 እስከ 17 ሰዓት ይተኛል። ከ4 እስከ 11 ወር ያለ ከ12 እስከ 16፣ የ1 እና የ2 ዓመት ልጅ ከ11 እስከ 14፣ የ3 እና የ4 ዓመት ልጅ ከ10 እስከ 13 ሰዓት ያስፈልገዋል። ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ተማሪ ደግሞ የእንቅልፍ ሐኪሞች ከ9 እስከ 12 ሰዓት ይመክራሉ።

የኛን ቆጠርነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል፤ 8 ሰዓት። በቀን አይተኛም። ቢያንስ 2 ሰዓት ጎደለው ማለት ነው፤ በየቀኑ።

ወረቀቱ ብቻ ሳይሆን ልጁም ይናገራል። ጠዋት ሁለት ሦስት ጊዜ ካልተጠራ የማይነሳ፣ ባጃጅ ላይ ገና ከመቀመጡ የሚያንጎላጅ፣ ቅዳሜና እሁድ እስከ 3 ሰዓት የሚተኛ፣ ከ11 ሰዓት በኋላ በሆነው ባልሆነው የሚነጫነጭ ልጅ እንቅልፍ ጎድሎታል። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። አዋቂ ሲደክመው ይፈዛል። ትንሽ ልጅ ሲደክመው ብዙ ጊዜ ይፈነጫል። ይሮጣል፣ ይጮኻል፣ ይማታል። እኛም "አልደከመውም" ብለን ተጨማሪ አንድ ሰዓት እናቆየዋለን።

አሁን ከጠዋቱ ወደ ኋላ አስሉ። 12 ሰዓት ተኩል ላይ መነሳት ካለበትና ለ10 ሰዓት ተኩል ያህል እንዲተኛ ከፈለጋችሁ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ እንቅልፍ ሊወስደው ይገባል። ስለዚህ የመኝታው ዝግጅት 1 ሰዓት ላይ ይጀመራል።

ከ4 ሰዓት ተኩል ወደ 2 ሰዓት በአንድ ሌሊት አትዝለሉ። ልጁ ጨለማ ውስጥ ዓይኑን አፍጥጦ ይቀራል። በየ3 ቀኑ 15 ደቂቃ ቀደም አድርጉት። እኛ አንድ ወር ያህል ፈጅቶብናል።

ሌሊቱ የሚጀምረው ጠዋት ነው

የመኝታ ሰዓት ከመስተካከሉ በፊት የመነሻ ሰዓት ይስተካከል። ትምህርት ባለበትም በሌለበትም ቀን ከ30 ደቂቃ ባልበለጠ ልዩነት ይነሳ። እሁድ 3 ሰዓት ላይ የተነሳ ልጅ እሁድ ማታ አይተኛም። ሰኞ ጠዋት የሚያለቅሰውም ለዚህ ነው።

እንደተነሳ ወደ ብርሃን አውጡት። በር ላይ ቁጭ ብሎ ቁርሱን ይብላ። ሰውነታችን ውስጥ ያለው ሰዓት የሚሞላው በጠዋት ብርሃን ነው። ጠዋት ብርሃን ያየ አካል ማታ በጊዜው ይደክማል። በዚህ በኩል አገራችን የታደለች ናት። ወሎ ላይ ዓመቱን ሙሉ ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ገደማ ጀንበር ትጠልቃለች፤ በበጋና በክረምት መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። በሰሜን አውሮፓ ያሉ ወላጆች በበጋ ፀሐይ እያለች ልጅ ለማስተኛት መጋረጃ ይደራርባሉ። እኛ ጨለማው በሰዓቱ ይመጣልናል።

ቀን ይሩጥ። ያው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ከ1 እስከ 4 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ አለበት ይላል። 3 ሰዓት ነው። ግቢ ያለው በግቢው፣ የሌለው ከጎረቤት ልጅ ጋር በመንደሩ። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ አላስወጣ ሲል ፍራሽ መሬት ላይ ዘርግቶ ማገላበጥም ይቆጠራል።

የቀን እንቅልፍን በተመለከተ ብዙ አልልም። ብዙ ልጆች ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ በቀን አንዴ ብቻ ይተኛሉ፤ ከ3 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ ደግሞ ቀስ በቀስ ይተዉታል። የሚፈልገውን አትከልክሉት። ግን ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ አይተኛ። 11 ሰዓት ላይ አንዴ ካሸለበ የማታው ነገር አበቃ።

የቡናው ነገር

ይህን ወሎ ላይ ሆኖ መጻፍ ይከብዳል። ቡና የኛ ቤት ወጉ፣ ዱዓው፣ ጉርብትናው ነው። እናቴ ቀኑ ያለ ቡና አይመሽላትም። አቦሉን፣ ቶናውን ለትልልቆቹ ትቀዳና በረካው ሲደርስ ለልጁ በትንሽ ሲኒ ስኳር ሞልታ ታቀምሰዋለች።

"እማዬ፣ ሌሊት አይተኛም እኮ።"

"ቀጭን ናት ልጄ። ይቺ ምን ታደርገዋለች? እናንተም ጠጥታችሁ ነው ያደጋችሁት።"

ቀጭንም ብትሆን ቡና ናት። ጤነኛ አዋቂ የጠጣው ካፌይን ግማሹ እንኳ ከሰውነቱ እስኪወጣ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። 12 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ደግሞ ያንኑ ሲኒ ሲጠጣ ድርሻው ከኛ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ሻይም ካፌይን አለው። ኮካም አለው። ከእራት ጋር ሻይ የሚጠጣ ልጅ ያላችሁ፣ ከሌላው ሁሉ በፊት እሱን አስቁሙና ለሳምንት እዩት።

እኛ እናቴን አልተከራከርናትም። የልጁን ሲኒ አልወሰድንበትም። ሲኒው ውስጥ የሚገባውን ቀየርን። አሁን ረከቦቱ ላይ የራሱ ሲኒ አለች። በረካው ሲቀዳ ሞቅ ያለ ወተት ይቀዳለታል። እናቴ ራሷ ናት የምትጠራው፦ "ና የኔ ጌታ፣ ያንተ በረካ ይኸውልህ።" ከትልልቆቹ ጋር ተቀምጦ እፍ እፍ እያለ ይጠጣል። እሱ የፈለገው ለካ ከኛ ጋር መቀመጡን ነበር።

በነገራችን ላይ፣ ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ የቡና ቁርሱን ቆሎና ፈንዲሻ አትስጡ። ያንቃል።

ቤቱን ማስመሸት

ዋናው ሥራ ይህ ነው። ከሁሉም በላይ የሚያስቸግረውም ይህ ነው፤ ምክንያቱም የሚቀየረው ልጁ ሳይሆን ትልልቁ ሰው ነው።

ሲጨልም አንጎላችን ሜላቶኒን የሚባል ንጥረ ነገር ማመንጨት ይጀምራል። ለሰውነት "መሽቷል፣ ተዘጋጅ" የሚል መልእክት ነው። ብርሃን፣ በተለይ ከስልክና ከቴሌቪዥን የሚወጣው ሰማያዊ የበዛበት ብርሃን፣ ይህን መልእክት ያዘገየዋል። የትንሽ ልጅ ዓይን ደግሞ ከኛ ይልቅ ብዙ ብርሃን ያስገባል። እኛ ስልካችንን አይተን ለጥ ልንል እንችላለን። እሱ አይችልም።

እንዲህ አድርጉ። ልጁ እንዲተኛ ከምትፈልጉበት አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ቴሌቪዥኑን አጥፉ። ድምፁን መቀነስ አይበቃም፤ አጥፉት። ስልኮች ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይቀመጡ፤ የእናትም የአባትም። ልጅ "ስልክ አቁም" የሚለውን ቃል ስልክ ከያዘ ሰው አይሰማም። ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ስክሪን ጭራሽ አይመከርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለው በቀን ከ1 ሰዓት አይበልጥ፤ እሱም በቀን እንጂ በምሽት አይሁን።

ከዚያ ጣሪያው ላይ ያለውን ትልቁን አምፖል አጥፉ። አነስ ያለ፣ ቢጫ ብርሃን ያለው አምፖል ዝቅ ያለ ቦታ ላይ አብሩ። ድምፃችሁንም ዝቅ አድርጉ። እንግዳ ካለ ልጁን ይዛችሁ ወደ ጓዳ ግቡ። ቤታችሁ አንድ ክፍል ከሆነ፣ የብዙዎቻችን እንዲያ ነው፣ አልጋውን በመጋረጃ ለዩት። ወፍራም ነጠላ በገመድ ማንጠልጠልም ይሠራል። ብርሃኑ ፊቱ ላይ እንዳያርፍ ብቻ ነው የሚፈለገው።

ባለቤቴ ያስቸገረው የ2 ሰዓት ዜና ነበር። "ዜና ሳልሰማ እንዴት እተኛለሁ" አለ። ተስማማን፤ ልጁ 2 ሰዓት ላይ ከተኛ ዜናው ይከፈታል። ከዚያ በኋላ ልጁን በሰዓቱ ለማስተኛት ከኔ ይልቅ የሚተጋው እሱ ሆነ።

በየቀኑ ያው፣ በየቀኑ በተራ

ልጅ ሰዓት አያነብም። ቀጥሎ የሚመጣውን በማወቅ ነው የሚረጋጋው። ስለዚህ ትንሽ ሥርዓት አብጁለት። አጭር ይሁን፤ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይበቃል። የኛ እንዲህ ነው።

እራት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ይበላል። ጠግቦ ይብላ ግን በርበሬ አይብዛበት፤ እየቃጠለው አይተኛም። 1 ሰዓት ላይ ቤቱ ይመሻል። ከዚያ እግር መታጠብ።

እግር መታጠቡን ዝም ብላችሁ አትለፉት። ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውኃ አደርጋለሁ። በክርኔ እለካዋለሁ። ዱካ ላይ ይቀመጥና እግሩን ይከታል። የቀኑ አፈር ውኃውን ያደፈርሰዋል። በአውራ ጣቴ በጣቶቹ መሃል እያሸሁ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልን እንቆጥራለን። አምስት ላይ ሁልጊዜ ይስቃል፤ ትንሿ ጣቱ ይኮረኩረዋል። ስድስት ስንል ድምፁ ቀነስ ይላል። አሥር ላይ ስንደርስ ትከሻው ወርዷል። በፎጣ አድርቄ የሱፍ ካልሲ አለብሰዋለሁ። ይህ ምቾት ብቻ አይደለም። እግር ሲሞቅ በቆዳ ሥር ያሉ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ በዚያ በኩል የውስጥ ሙቀት ይወጣል፤ አካል ለእንቅልፍ የሚያስፈልገውን ቅዝቃዜ ያገኛል። እግሩ የበረደው ልጅ ቶሎ አይተኛም።

ቀጥሎ ጥርስ፣ ሽንት፣ የሌሊት ልብስ። ከዚያ አልጋ፣ ከዚያ ተረት።

"ተረት ተረት" ስትሉ "የላም በረት" የሚል ልጅ ሰውነቱ እያወቀ ለመኝታ ይዘጋጃል። ያንኑ ተረት ለ20 ቀን ደጋግማችሁ ብትነግሩት አይሰለቸውም፤ እንዲያውም ይወደዋል። ድምፃችሁ እየቀነሰ ይሂድ። "ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ" ላይ ሹክሹክታ ይሁን። ተረት የማይሆንላችሁ እሹሩሩ በሉ፣ መዝሙር ወይም መንዙማ አንጎራጉሩ፣ ጸሎት አድርሱ። ዋናው በየቀኑ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው።

አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ። "ጅቡ መጣልህ፣ ዓይንህን ጨፍን" አትበሉ። እኛ እንዲህ ተብለን ነው ያደግነው፤ ክፋት አስበውም አይደለም። ግን የፈራ ልጅ ልቡ ይመታል፣ ጆሮው ይቆማል። ዓይኑን የጨፈነው ስለተኛ አይደለም። ሌሊት ሲባንንም የሚያስበው ያንኑ ጅብ ነው።

ተረቱ ሲያልቅ፣ ዓይኑ ከብዶት ግን ገና ሳይተኛ፣ ተዉት። ደረቱን መታ መታ አድርጉና ትንሽ ራቅ በሉ። ሁልጊዜ እቅፍ ውስጥ የሚተኛ ልጅ ሌሊት ሲነቃ ያቺኑ እቅፍ ይፈልጋል። መጀመሪያ ላይ ይጠራችኋል። "ውኃ!" ይላል። "ሽንቴ!" ይላል። "አንድ ነገር ልንገርሽ!" ይላል። አንድ ጊዜ ሂዱ። ሁለተኛ ሲጠራ ከበር ላይ ሆናችሁ በዚያው ለስላሳ ድምፅ "ደህና እደር የኔ ወርቅ" በሉት። ወሬ አትጀምሩ፣ መብራት አታብሩ።

መኝታውና ብርዱ

ደሴ ወደ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ ሌላ አየር ነው። ሐርቡና ከሚሴ ስትደርሱ ደግሞ ሙቀት። ስለዚህ ለሁሉም የሚሆን አንድ ምክር የለም።

በደጋው ስህተቱ ማብዛት ነው። ሦስት ሹራብ፣ ብርድ ልብስ፣ ጋቢ። ልጁ በሌሊት ያልበዋል፣ ይራገጣል፣ ይገለጣል፣ ከዚያ ይበርደዋል። አንገቱን ከኋላ በእጃችሁ ንኩ። ሞቅ ያለና ደረቅ ከሆነ ልክ ነው። ላብ ካለው አንድ ልብስ ቀንሱ። የእጁ መቀዝቀዝ አያስደንግጣችሁ።

ከሰልን በተመለከተ ጠንከር ብዬ ልናገር። ቡና የተፈላበትን ምድጃ "ቤቱን ያሙቅልን" ብላችሁ ልጅ ከተኛበት ክፍል አታሳድሩ። አመድ የለበሰ ፍም እንኳ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። እኛ ቤት አንድ ክረምት ሁላችንም ራስ ምታት ይዞን፣ ልጁ እያስመለሰው ነቃን። በር ባንከፍት ምን ሊሆን ይችል እንደነበር አላስበውም። ከመኝታ በፊት ምድጃው ወደ ውጭ ይውጣ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ አንድ ላይ ከመጣ ሁሉም ሰው ወደ አየር ይውጣና በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። አልጋውን ማሞቅ ከፈለጋችሁ ሙቅ ውኃ በላስቲክ ጠርሙስ ሞልታችሁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አልጋ ውስጥ አድርጉ፤ ልጁ ሲገባ አውጡት።

በቆላው ደግሞ አጎበር። ከሚሴ፣ ባቲ፣ ሐርቡ፣ ኮምቦልቻ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ጫፉ ከፍራሹ ሥር ይግባ። ትንኝ ሲነድፈው ያደረ ልጅ ወባው ቢቀር እንኳ እንቅልፉ ተቆራርጧል። ቁንጫና ትኋንም እንዲሁ ናቸው። በሳምንት አንዴ ፍራሹንና ብርድ ልብሱን ጠራራ ፀሐይ ላይ አውጡ። ልጁ ሌሊት ቂጡን የሚያክ ከሆነ የሆድ ትል ነገር ሊሆን ስለሚችል አስመርምሩት።

ከአንድ ዓመት በታች ያለ ሕፃን ካላችሁ ይህን አንብቡ። ሕፃን በጀርባው ይተኛ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሕፃናት በጀርባቸው እንዲተኙ መምከር በተጀመረባቸው አገሮች ድንገተኛ የሕፃናት ሞት በግማሽ ገደማ ቀንሷል። ፍራሹ ጠንከር ያለ ይሁን። ትራስ፣ ወፍራም ብርድ ልብስና አሻንጉሊት አይኑርበት። ፊቱን አትሸፍኑ። ብርድ እንዳይመታው፣ ዓይን እንዳይበላው ብለን ነጠላ ፊቱ ላይ ጣል እናደርጋለን፤ የኛ እናቶች ሁሉ ያደረጉት ነው። ግን ሕፃን ጨርቁን ከፊቱ ማንሳት አይችልም። ኮፍያም ቤት ውስጥ ሲተኛ ይውለቅ። አንቀልባ ላይ ሲታዘልም አፍንጫው እንደተገለጠ በየጊዜው እዩ።

ከእናቱ ጋር በአንድ ክፍል፣ ግን በራሱ ትንሽ መኝታ ላይ ቢተኛ ይመረጣል። ሶፋ ላይ አቅፋችሁት አታሸልቡ። የጠጣ ወይም የሚያጨስ ሰው ካለበት አልጋ ላይ ደግሞ ጭራሽ አይሁን። አራስ በየ2 እና በየ3 ሰዓቱ ለመጥባት መነሳቱ በሽታ አይደለም፤ ሆዱ ትንሽ ስለሆነ ነው። እንዲተኛ ብላችሁ ቅቤ አትስጡት። ማርም ከ1 ዓመት በፊት አይሰጥም፤ ሕፃን ላይ ከባድ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል። በሌሊት ስታጠቡት መብራቱን አደብዝዙ፣ አታጫውቱት። ቀንና ሌሊትን የሚለየው በዚህ ነው።

ሌሊት ሲጮህ

ከተኛ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዓት በኋላ ድንገት ተነስቶ የሚጮህ ልጅ አለ። ዓይኑ ተከፍቷል፣ ግን አያያችሁም። ላብ አጥምቆታል። ስታቅፉት ይገፋችኋል። ያስደነግጣል። ብዙ ሰው "ምን አየ?" ይላል። ልጁ ግን አልነቃም፤ ጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ ነው። አትነቅንቁት፣ ፊቱ ላይ ውኃ አትርጩ። እንዳይወድቅ ጠብቁትና ተረጋጉ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መልሶ ይተኛል፤ ጠዋት ምንም አያስታውስም። እንቅልፍ የጎደለው ልጅ ላይ ይብሳል፤ የኛው ሰዓቱ ሲስተካከል ቀርቶለታል።

ቅዠት ግን ሌላ ነው። ወደ ንጋቱ ይመጣል፤ ልጁ ነቅቶ ያለቅሳል፣ ያየውንም ይነግራችኋል። ያኔ እቀፉት። ጸሎትም ዱዓም አድርጉ፣ የሚያረጋጋ ነገር ነው። ጭስ ግን አታጭሱበት።

አልጋ ላይ መሽናት እስከ 5 ዓመት ድረስ የተለመደ ነው። አትቆጡት፣ በወንድም በእህቱ ፊት አታንሱበት። ለወራት ደረቅ ሆኖ የኖረ ልጅ እንደገና ከጀመረና ውኃ ጥም ከበዛበት ግን ሐኪም ይየው።

ሮመዳን፣ ፋሲካ፣ ሠርግ

ሮመዳን ላይ ቤቱ ሌሊት ይነቃል። ልጆች ሱሁር ላይ መነሳት ይወዳሉ፤ ደስታውን አልከለክላቸውም። ለትናንሾቹ ቅዳሜና እሁድ ሌሊት ብቻ ፍቀዱላቸው፤ በማግሥቱ ከሰዓት ይተኙ። ኢፍጣር ላይ ከሁሉም ጋር ይብሉና ሥርዓቱ ይቀጥል። የትንሣኤ ሌሊትም እንዲሁ ነው፤ አንድ ሌሊት ምንም አይልም። ችግሩ ከበዓሉ በኋላ ሳይመለሱ መቅረት ነው። በማግሥቱ ጠዋት በተለመደው ሰዓት አስነሱት፤ ማታው ራሱ ይስተካከላል። አዛንና የቅዳሴ ድምፅ የኔን ልጅ አይቀሰቅሱትም፤ ከልጅነቱ ለምዶታል። ከሁሉም የሚቀሰቅሰው ስልክ ነው።

ጤና ጣቢያ የሚያስሄድ

ሁሉን አድርጋችሁ እንቅልፉ ካልተስተካከለ ምክንያቱ ከአካሉ ሊሆን ይችላል። በሳምንት ሦስት አራት ሌሊት የሚያንኮራፋ፣ አፉን ከፍቶ የሚተኛ፣ መሃል ላይ ትንፋሹ ቆም ብሎ በድንገት የሚያቃስት ልጅ ቶንሲሉ ወይም ከአፍንጫው ጀርባ ያለው ዕጢ አብጦ ይሆናል። ይታከማል። እንጥሉን ለባህል ሐኪም አታስቆርጡ፤ ደም ይፈስሳል፣ ያመረቅዛል፣ ልጅ ይገድላል፤ ማንኮራፋቱንም አያስተወውም። ሌሊት ሌሊት ብቻ የሚያስል፣ እግሩ አላርፍ የሚለው፣ ገርጥቶ የሚደክም ልጅም ይታይ።

እንዲተኛ ተብሎ የሳል ሽሮፕ፣ የአለርጂ መድኃኒት ወይም ጠላ አይሰጥ። እንዲህ ተደርጎ የተኛ ልጅ ትንፋሹ ሊደክም ይችላል።

ሐኪም ጋ ስትሄዱ የ5 ቀኑን ወረቀት ያዙ። ማንኮራፋቱን ደግሞ ሌሊት በስልክ ቅረጹት። አንድ ደቂቃ ይበቃል። ፊቱና ደረቱ እንዲታይ ብርድ ልብሱን ዝቅ አድርጉ፤ ስትጨርሱ መልሳችሁ አልብሱት።